«ሺጋዖን» በኦሪትና በልጆች አፍ

በእስራኤል የሚኖሩ አንዲት እህት እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ልጆቼ ደስ የሚል ነገር ባዩ ቁጥር ‹ኤይዜ ሺጋዖን!› ይላሉ፤ እንዴት ግሩም ነው ማለታቸው ነው። ‹ኪ ታቮ› የተባለው የሳምንቱ የኦሪት ንባብ በተነበበበት ሰንበት ግን ያው ቃል ከእርግማኖቹ መካከል ሲጠራ ሰማሁ፤ እግዚአብሔር በሺጋዖን ይመታሃል ይላል። ታላቅ ወንድሜ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ ይህንኑ ጥቅስ አንሥተው ሕመሙ የእርግማን ምልክት ነው አሉን። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው?»

እህቴ፣ እናትዎ እንቅልፍ አጥተዋልና ማስረጃውን ከመደርደሬ በፊት መልሱን ልንገርዎት። ያ ቃል በዚያ ምዕራፍ፣ በዘዳግም 28፣ የበሽታ ስም ሆኖ አልገባም። አንድ ሕዝብ በጦር ተሸንፎ፣ ቤቱና ልጆቹ ሲወሰዱ በዓይኑ እያየ፣ ልቡ የሚናወጥበትን ሁኔታ ይናገራል። ወንድምዎን የሚመለከት ፍርድ በውስጡ የለም። ዕብራይስጥና ግዕዝ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህ ጥቅስ በሕመምተኛ ቤተሰብ ላይ ሲወረወር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም አዝኛለሁ። ስለዚህ ነገሩን በጥድፊያ አላልፈውም። ከዚህ በታች ያሉትን ጥቅሶች ከዕብራይስጡ የተረጎምኳቸው ራሴ ስለ ሆንኩ፣ በእጅዎ ካለው መጽሐፍ ጋር ቃል በቃል ባይገጥሙ አይገረሙ።

የቃሉ ሥር ሦስት ሆሄያት ናቸው፦ ሺን፣ ጊሜል፣ ዐይን። በእኛ ፊደል ሸ፣ ገ፣ ዐ ብለን ልንጽፋቸው እንችላለን። የመጨረሻው ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣው ዐይን ነው። አማርኛ ፊደሉን ይዞ ድምፁን ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የትግርኛ ተናጋሪ ግን እንደ ጥንቱ አድርጎ ይጠራዋል። ከዚህ ሥር የወጡ ቃላት በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ አሥር ጊዜ ብቻ ይገኛሉ። «ሺጋዖን» የሚለው ስም ሦስት ጊዜ (ዘዳግም 28፥28፣ 2ኛ ነገሥት 9፥20፣ ዘካርያስ 12፥4)፣ «መሹጋዕ» የሚለው ቅጽል አምስት ጊዜ፣ «ሂሽታጌዐ» ከሚለው ግሥ የወጡ ቅርጾች ሁለት ጊዜ። አሥር ቦታ ማለት አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ሁሉንም ሊያነባቸው የሚችል ነው። ሽማግሌው አንዱን ብቻ ማንበባቸው ያሳዝነኛል።

ስለ ሥሩ ትርጉም ሊቃውንት ሁለት ዘመዶችን ያቀርባሉ። አንደኛው የዐረብኛው «ሰጀዐ» ነው፤ ርግብ አንድ ዓይነት ድምፅ እየደጋገመች ስትጮኽ፣ ጠንቋይም ቤት በሚመታ ንግግር ሲናገር ይባልለታል። የዕብራይስጥ ሺን በዐረብኛ ሲን መሆኑ «ሻሎም» እና «ሰላም» ላይ እንደምናየው የተለመደ ስለ ሆነ ድምፁ በትክክል ይገጥማል። ሁለተኛው የአካድኛው፣ ማለትም የጥንቶቹ የባቢሎንና የአሦር ቋንቋ፣ «ሸጉ» ነው፤ መቆጣት፣ መዋከብ፣ በውሻ ላይ ሲነገር ደግሞ ማበድ ማለት ነው። በዛሬዋ ኢራቅ በነበረችው በኤሽኑና ከተማ ሕግ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን ገደማ፣ ያበደ ውሻ ያለው ሰው ከሹማምንት ማስጠንቀቂያ ደርሶት ውሻውን ሳይጠብቅ ቀርቶ ሰው ቢያስነክስና ቢያስገድል 40 ሰቅል ብር እንዲከፍል ተደንግጓል። እኛም «እብድ ውሻ» እንላለንና ነገሩ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በእኔ ሚዛን የአካድኛው ዘመድ በትርጉም ይቀርባል፤ በአሥሩም ቦታዎች ውስጥ ከልክ ያለፈ ጥድፊያ፣ መናወጥ፣ ልጓም ያጣ እንቅስቃሴ ይታያልና። የዐረብኛው ግን ከነቢያት ጋር ስንደርስ መልሶ ትዝ ይለናል።

ከሥሩ ይልቅ ግን የቃሉ ቅርጽ የበለጠ ይናገራል። አማርኛ «አበደ» ሲል ነገሩ ከሰውየው ከራሱ የሚነሣ ይመስላል። «መሹጋዕ» ግን ተደራጊ ቅርጽ ነው፤ አንድ ነገር የደረሰበት፣ ሌላ ኃይል እንዲህ ያደረገው ማለት ነው። «ያበደ» ከሚለው ይልቅ «ያሳበዱት» የሚለው ይቀርበዋል። «ሂሽታጌዐ» ደግሞ ወደ ራስ የሚመለስ ቅርጽ ሲሆን እንደ መሹጋዕ መሆንን፣ እንደዚያ ዓይነት ጠባይ ማሳየትን ይናገራል። ይህ ልዩነት በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 በሚገርም ጥበብ ሥራ ላይ ውሏል።

ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ወደ ጌት ገባ። ጌት የጎልያድ ከተማ ነው፤ ዳዊት ደግሞ የጎልያድን ሰይፍ ከኖብ ካህን ተቀብሎ ይዟል። ባሮቹ ለንጉሡ ለአንኩስ ማንነቱን ሲነግሩት ፈራ፣ የበሩንም መዝጊያ ይጫጭር፣ ምራቁንም በጢሙ ላይ ያዝረበርብ ጀመር። አንኩስም «ሰውየው ሲያብድ ታያላችሁ፤ ለምን አመጣችሁብኝ? መሹጋዖች አንሰውኝ ነውን?» አለ። ንጉሡ ስለ ዳዊት የተናገረው በዚያ ጠባይን በሚያሳየው ግሥ ነው፤ በቤቱ ሞልተዋል ስላላቸው ሰዎች ሲናገር ግን «መሹጋዖች» አለ። ቁጥሩ በአማርኛው ከ13 እስከ 15፣ በዕብራይስጡ ከ14 እስከ 16 ነው። በኋላ የመጡት የአይሁድ መምህራን በሚድራሽ፣ መጽሐፉን በትረካ በሚያብራሩበት ድርሰት፣ ይህን ሲያሰፉ የአንኩስ ሚስትና ልጅ ራሳቸው እብዶች ነበሩ ይላሉ። ዳዊትም ቀደም ሲል እግዚአብሔርን «እብደትን ለምን ፈጠርህ? ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ «የምትለምንበት ቀን ይመጣል» ተባለ፤ በጌትም ለመነ። ይህን ትረካ እወደዋለሁ። የተናቀው ነገር የንጉሥን ሕይወት ያተረፈበት ታሪክ ነውና።

በዚያው ስፍራ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተሰወረ ሀብት አለ። መጽሐፉ ዳዊት አደረገ የሚለው ነገር፣ ቃል በቃል፣ «ጣዕሙን ለወጠ» ነው። የዕብራይስጡ «ጣዓም» እና የእኛ «ጣዕም» አንድ ሥር ናቸው። በዕብራይስጥ ጣዕም ማለት ምላስ የሚለየው ብቻ ሳይሆን ልብ የሚለየውም ነው፤ ማስተዋል፣ የነገር ልክ ማወቅ። ከአራት ምዕራፎች በኋላ ዳዊት አቢግያን «ጣዕምሽ የተባረከ ይሁን» ይላታል፤ ማስተዋልሽ ማለቱ ነው። እንግዲህ በጌት በር ላይ የተለወጠው ይህ ነው፤ ዳዊት የነገር ልክ የሚያውቅ ሰው መምሰሉን ተወ። ግሪኩ ትርጉም ቃሉን «ፊቱን ለወጠ» ብሎ ስለ ወሰደው ጣዕሙ በመንገድ ላይ ጠፋ።

ግሪኩን ካነሣሁ አይቀር፣ የሽማግሌው ስህተት አንዱ ምንጭ እዚያ ይመስለኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ኦሪትን ወደ ግሪክ የመለሱት ተርጓሚዎች «መሹጋዕ» ለሚለው ቃል አንድ ቋሚ አቻ አልነበራቸውም። በአንኩስ ፊት ላለው «ኤፒሌምፕቶስ» አሉ፤ «የተያዘ» ማለት ነው፣ የሚጥል በሽታ የሚጠራበት የፈረንጆች ቃል የመጣውም ከዚሁ ሥር ነው። በዘዳግም 28፥28 ላለው «ሺጋዖን» ደግሞ ከመመታት የሚወጣ ቃል መረጡ። ስለዚህ በዕብራይስጡ ስድብ ወይም መናወጥ የነበረው ቃል፣ ወንዙን ሲሻገር የሕመም ልብስ ለበሰ። የግዕዙ ብሉይ ከግሪኩ የተመለሰ ነው፤ ቤተ እስራኤል ሲያነቡት የኖሩት ኦሪትም በግዕዝ ነው። አባቶቻችን ቃሉን ሲቀበሉ ከነልብሱ ነበር የተቀበሉት።

የእኛም «እብድ» የራሱ ታሪክ አለው። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ «ይብል አብድ በልቡ አልቦ እግዚአብሔር» የሚለውን ያውቃል። እዚያ «አብድ» የሚለው ዛሬ እብድ የምንለውን ሰው አይደለም፤ ዕብራይስጡ «ናባል» ይላል፣ እግዚአብሔርን የማያስብ ቂል ማለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያው ጥቅስ «ሰነፍ በልቡ» ተብሎ ተመለሰ፤ ዛሬ ደግሞ ሰነፍ ሲባል ሥራ የማይወድ ሰው ይታሰበናል። በአንድ ጥቅስ ውስጥ ሦስት ቃላት ቦታቸውን ሲለቁ አየን። ቃል እንዲህ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ በዛሬው ትርጉሙ ይዞ ሰውን መፍረድ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ያስተውሉ።

አሁን ወደ ዘዳግም እንመለስ። ቁጥር 28 በዕብራይስጥ ሲነበብ ቤት ይመታል፦ «በሺጋዖን፣ በዒቫሮን፣ በቲምሆን ሌቫቭ።» መናወጥ፣ መታወር፣ የልብ መደንገጥ። ሌቫቭ የእኛው ልብ ነው፤ ሥራውም እንደ እኛው ልብ ማሰብ ነው፣ «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን እንደ ሆነ። የሚቀጥለው ቁጥር «ዕውር በጨለማ እንደሚዳብስ በቀትር ትዳብሳለህ» ይላል። እንግዲህ ዕውርነቱ በምሳሌ የተነገረ ነው። መታወሩ ምሳሌ ከሆነ አጠገቡ ያለውን ሺጋዖን በሐኪም መዝገብ እንደሚጻፍ ስም ማንበብ ምን አመጣው?

ከዚያ ቁጥር 30 ይጀምራል፤ እናትዎ ሊሰሙት የሚገባው ይህ ነው። ሚስት ታጫለህ፣ ሌላ ይወስዳታል። ቤት ትሠራለህ፣ አትኖርበትም። ወይን ትተክላለህ፣ ፍሬውን አትቀምስም። በሬህ በፊትህ ይታረዳል፣ ከሥጋው አትበላም። ወንዶችና ሴቶች ልጆችህ ለሌላ ሕዝብ ይሰጣሉ፣ ዓይኖችህም ቀኑን ሁሉ እነርሱን ሲናፍቁ ይደክማሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁጥር 34 «ዓይኖችህም ከሚያዩት የተነሣ መሹጋዕ ትሆናለህ» ይላል። መጽሐፉ ምክንያቱን ራሱ ነገረን። ተደራጊው ቅርጽ ባለቤቱን አገኘ፤ ያሳበደው የታየው ነገር ነው። ልጁ በፊቱ ስትወሰድ ያየ አባት ልቡ ቢናወጥ፣ ኦሪት እንደ ድንቅ ነገር አላየውም።

ይህ ምዕራፍ የተጻፈበትም ዓይነት የታወቀ ነው። የጥንት ነገሥታት ቃል ኪዳን ሲያስገቡ መጨረሻው ላይ ኪዳኑን የሚያፈርስ ሕዝብ ላይ የእርግማን ረድፍ ያስቀምጡ ነበር። የአሦር ንጉሥ አስራዶን በ672 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያስገባቸው መሐላዎች፣ ጽላቶቻቸው በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኒምሩድ ተገኝተው፣ ተመሳሳይ እርግማኖች ይዘዋል፤ ሲን የተባለው አምላክ ለምጽን፣ ሻማሽ የተባለው ደግሞ ዕውርነትን ያመጣል፤ ኪዳን አፍራሹም በጨለማ ይመላለሳል። የዘዳግም እርግማኖችም በዚህ ቋንቋ የተነገሩት ለሕዝብ ነው። «አንተ» የሚለው ነጠላ ቁጥር ሰዎችን ያሳስታል፤ የሚያነጋግረው ግን እስራኤልን በሙሉ እንደ አንድ ሰው አድርጎ ነው።

ዘካርያስ 12፥4 ይህን ያጸናል። እነዚያ ሦስት ቃላት እንደገና አብረው ይመጣሉ፤ አሁን ግን የተመታው ኢየሩሳሌምን የከበበው ጦር ነው፦ ፈረሱ በመደንገጥ፣ ጋላቢው በሺጋዖን፣ የአሕዛብ ፈረሶችም በመታወር። በሰልፍ መካከል የሚነሣ ሽብር ነው። ከእርግማኑ ገጽ ወጥተው በጠላት ላይ የተመለሱ ቃላት ናቸው እንጂ ማንም እነዚያ ፈረሰኞች የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው አይልም።

ሦስተኛው ሺጋዖን ደግሞ ሠረገላ ላይ ነው። የኢይዝራኤል ዘበኛ ከግንቡ ላይ ሆኖ ከሩቅ የሚመጣውን አይቶ «አነዳዱ እንደ ናሜሲ ልጅ እንደ ኢዩ ነው፤ በሺጋዖን ይነዳልና» አለ። ብዙዎቻችን እንደ እብድ እየነዳ መጣ ብለን እንረዳዋለን፤ እኔም እንደዚያ አነበዋለሁ። ነገር ግን የአራማይኩ ትርጉም፣ ታርጉም፣ ቃሉን «በዝግታ» ብሎ መልሶታል። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍም ኢዩ በቀስታና በሥርዓት ይጓዝ ነበር ብሎ ጽፏል። አንድን ቃል አንዱ እብደት፣ ሌላው ዝግታ ብሎ ሲያነበው፣ የጥንት ሰዎች ራሳቸው ቃሉን እርግጠኛ ሆነው እንዳልያዙት ያሳያል።

በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ቁጥር 11 ላይ፣ «መሹጋዕ» ይገኛል። ከነቢዩ ከኤልሳዕ የተላከው ወጣት ኢዩን በስውር ቀብቶት ሮጦ ሲሄድ የጦር አለቆቹ «ይህ መሹጋዕ ለምን መጣብህ?» አሉ። ኢዩ መልእክቱን ሲነግራቸው ግን ልብሳቸውን ከእግሩ በታች ዘርግተው ቀንደ መለከት ነፉ። መሹጋዕ ያሉትን ሰው ቃል አምነው መንግሥት ለወጡ! የቀሩት ሁለቱም በነቢያት ላይ የተነገሩ ናቸው። ሸማያ የሚባለው ሰው ከባቢሎን ለኢየሩሳሌም ካህን ደብዳቤ ጽፎ «መሹጋዕና ትንቢት ተናጋሪ የሆነውን ሁሉ በግንድ ልታስር» ይገባሃል አለ፤ ሊያሳስረው የፈለገው ኤርምያስን ነበር። የኤርምያስ ጥፋት ምን ነበር? ለምርኮኞቹ «ቤት ሥሩና ኑሩበት፣ አትክልት ተክሉና ፍሬውን ብሉ» ብሎ መጻፉ ነው። ዘዳግም የነጠቀውን ቤትና ፍሬ መልሶ የሰጠ ሰው መሹጋዕ ተባለ። በሆሴዕ 9፥7 ደግሞ «ነቢዩ ቂል ነው፣ የመንፈስ ሰው መሹጋዕ ነው» ይላል፤ ሕዝቡ በሆሴዕ ላይ ያፌዙበት ቃል ነው ብለው የሚያነቡት አሉ፣ ሆሴዕ ራሱ በሐሰተኞች ላይ ተናገረው የሚሉም አሉ። እኔ ከፊተኞቹ ጋር ነኝ። በሁሉም ቦታ ነቢይን መሹጋዕ የሚለው እርሱን ሊያሰናብት የሚፈልግ ሰው ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ እኛ የአእምሮ ሕመምተኛ ብለን የምናስበው ሰው ማን ነው? ሳኦል ነው። ይፈራል፣ ይቆጣል፣ በድንገት ጦር ይወረውራል፣ ከዚያ ያዝናል። ሳኦል ግን አንድም ጊዜ መሹጋዕ አልተባለም። መጽሐፉ ክፉ መንፈስ «ያስደነግጠው» ነበር ይላል እንጂ ያንን ቃል አይጠቀምም። ባሪያዎቹም በገና የሚያውቅ ሰው ይፈለግ አሉ፤ ዳዊት ሲደረድርለት ሳኦል ያርፍ፣ ይሻለውም ነበር። ናቡከደነፆርም ሰባት ዘመን ከሰው ተለይቶ ሣር ሲበላ፣ የተነገረለት «እውቀቴ ተመለሰልኝ» የሚል ነው። ቃሉ ሕመምን የሚጠራ ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ ሁለቱ የበለጠ የሚገባው ማን ነበር?

እርስዎ በአይሁድ ሥርዓት የሚኖሩ ስለ ሆኑ የመምህራኑንም ቃል መስማት ይፈልጋሉ ብዬ እገምታለሁ። አእምሮውን ስለታመመ ሰው በሕግ ሲነጋገሩ «መሹጋዕ» የሚለውን ትተው «ሾጤ» የሚለውን ያዙ። በተልሙድ፣ በመምህራኑ የሕግና የትምህርት ስብስብ፣ ሐጊጋ በሚባለው ክፍል ምልክቶቹን ሲዘረዝሩ በሌሊት ብቻውን የሚወጣ፣ በመቃብር ቦታ የሚያድር፣ ልብሱን የሚቀድድ ይላሉ። ሾጤን ከመስማት ከተሳነውና ከሕፃን ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጠው ከትእዛዛት ግዴታ ነጻ አደረጉት። በሠራው ሥራ የማይጠየቅን ሰው ሕመሙ የበደሉ ዋጋ ነው ማለት ከሕጋቸው ጋር እንዴት ይስማማል?

ከጥያቄዎ ውጭ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚነሣ ስለ ሆነ በአጭሩ፦ መክብብ «ሆሌሎት» የሚለው ሌላ የእብደት ቃል አለው፤ ሥሩ ሄ፣ ላሜድ፣ ላሜድ ነው። «ሃሌ ሉያ» ውስጥ ያለው የማመስገን ግሥም በእነዚሁ ሆሄያት ይጻፋል። አንዳንድ የዘመኑ መዝገበ ቃላት ግን ሁለት የተለያዩ ሥሮች አድርገው ያስቀምጧቸዋል፤ አንዱን ከሌላው እያወጡ የሚሰብኩትን አይስሙ።

ስለ ልጆችዎ አይጨነቁ። «ኤይዜ ሺጋዖን» የሚሉት በአገራችን ወጣቶች «ያሳብዳል» ብለው እንደሚያደንቁት ያለ ነው። ነገር ግን በእስራኤል ክሊኒክ «መሹጋዕ» የሚል ቅጽ አያገኙም። ሕመምተኛውን «ሖሌ ኔፌሽ» ይሉት ነበር፤ ነፍሱ የታመመች ማለት ነው። ዛሬ እየተለመደ የመጣው «ሚትሞዴድ ኔፌሽ» ነው፤ ከነፍሱ ሕመም ጋር የሚታገል ሰው። ወንድምዎን የሚጠሩበት ቃል ካስፈለገ ይህ ይሻላል።

ሽማግሌውን አይጋፏቸው፤ ክብራቸውን ጠብቀው አብራችሁ እንድታነቡ ይለምኗቸው። ከቁጥር 28 ጀምረው እስከ 36 ይዝለቁ። ቁጥር 36 «እግዚአብሔር አንተንና በአንተ ላይ የምታነግሠውን ንጉሥ ወደማታውቀው ሕዝብ ይወስዳል» ይላል። እዚያ ሲደርሱ ቆም ይበሉና፣ አባቴ፣ «አንተ» የተባለው ወንድሜ ከሆነ ንጉሡ ማን ነው ብለው ይጠይቋቸው።